የጡረታ ጊዜ የእንጨት ስራ ቤት፦ እኔ የተሳሳትኳቸውን እናንተ አትድገሙ

በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁና ሱሉልታ ካለው ቤቴ ጓሮ የእንጨት ስራ ቤት ከፈትኩ። ይኸው አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን የነበሩ አንድ አናጢ ዘንድ እየሄድኩ ፍቅፋቂ እጠርግላቸው ነበር። ያ የጽድ ሽታ ቢሮ ተቀምጬ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ሁሉ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። አሁን የቀድሞ ባልደረቦቼ በየተራ ጡረታ ሲወጡ ይደውሉልኛል። "እኔም ልጀምር ነው፣ ምን ማሽን ልግዛ?" ይላሉ። የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ጥያቄ ውስጥ አለ።

ማሽን ከመግዛት መጀመር

እኔም የጀመርኩት በዚሁ ነው። ያጠራቀምኩትን ይዤ ወጣሁና መጋዙን፣ መላጊያውንና መብሻውን አንድ ላይ የያዘ ትልቅ ማሽን ገዛሁ። ስምንት ወር ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። ምን እንደምሰራ ገና አላውቅማ! ረከቦትና በርጩማ የሚሰራ ሰው የሚያስፈልገው እቃ ሌላ፣ ቁም ሳጥን የሚሰራ ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት የሚበቃችሁ ይሄ ነው። እንጨት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ የታሰረበት የማይነቃነቅ ከባድ የስራ ጠረጴዛ፣ ሁለት የእጅ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ሶስት አራት መሮ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ማዕዘን መለኪያ ስኳድራ፣ ኮላው እስኪይዝ ጨምድዶ የሚጠብቅ አራት አምስት ክላምፕ። ጠረጴዛውን ራሳችሁ ስሩት፤ እጃችሁ የሚፈታው በእሱ ነው። ከዚያ ትከሻችሁን የሚያደክመው ስራ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የምትገዙትንም ማሽን እሱ ይነግራችኋል። ለእኔ ጣውላ በቁመቱ መሰንጠቅ ነበር።

ስኳድራ ስትገዙ ደግሞ ዝም ብላችሁ ከፍላችሁ አትውጡ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ፈትኑት። ቀጥ ያለ የጣውላ ጠርዝ ላይ አስደግፉና መስመር አስምሩ። ከዚያ ስኳድራውን ገልብጣችሁ በዚያው ነጥብ ላይ ሌላ መስመር አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ ስኳድራው ትክክል ነው። ወደ ላይ እየሄዱ ከተለያዩ ግን ጠማማ ነው፣ የምትሰሩትም ሳጥን ሁሉ ጠማማ ይሆናል።

ስለትን መናቅ

አዲስ መሮ ከሱቅ እንደወጣ የተሳለ ይመስላል። አልተሳለም። ድንጋይ ላይ መሳል አለበት፤ ጀርባው እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ። የደነዘዘ መሮ ከስለታሙ ይልቅ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም በጉልበት ትገፉታላችሁ፣ ሲያመልጥ ደግሞ ሌላኛው እጃችሁ ፊት ለፊቱ ነው። የግራ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ የመጣ ነው።

የመላጊያን ስለት ለማወቅ ጆሮ ይበቃል። በደንብ ከተሳለ ዋንዛ ላይ ሲሄድ ልስልስ ያለ፣ ሽው የሚል ድምፅ አለው፤ ፍቅፋቂው እንደ ቀጭን ወረቀት እየተጠቀለለ ከአፉ ይወጣና እግራችሁ ስር ይወድቃል። ካልተሳለ ይዘላል፣ ይንገጫገጫል፣ እንጨቱን እየቦጨቀ ያልፋል። ያን ጊዜ አቁሙና ሳሉት። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

"ደርቋል" የተባለውን እንጨት ማመን

ብዙ ገንዘብና ብዙ ልብ የሚያቃጥለው ይሄኛው ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ለልጄ የምግብ ጠረጴዛ ልሰራ ዋንዛ ገዛሁ። ሻጩ ደርቋል አለኝ፣ እኔም ላዩን በእጄ ዳብሼ ደርቋል ብዬ ተቀበልኩ። ሐምሌ ላይ ሰራሁት። አማረ። ጥር ላይ ልጄ ደወለችና "አባዬ፣ ጠረጴዛው ተሰነጠቀ" አለችኝ። ሄጄ ሳየው መሀሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ሲደርቅ በስፋቱ ይጠባል፣ በቁመቱ ግን እምብዛም አይቀንስም። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ሲሆን ያብጣል፣ ከጥቅምት ጀምሮ በጋው ሲገባ ይኮማተራል። እኔ ደግሞ ያልደረቀውን እንጨት በክረምት አብጦ ሳለ በኮላና በቪቲ ከእግሩ ጋር ቸነከርኩት። የሚኮማተርበት ቦታ ሲያጣ ምን ያድርግ? ተቀደደ።

በአየር ለሚደርቅ እንጨት የቆየው ልማዳዊ ስሌት ለ2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው። 5 ሳንቲሜትር ከሆነ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ እንጨት የሚገዛው ለዛሬ ስራ አይደለም፣ ለከርሞ ነው። እኔ አሁን የማደርገው ይሄ ነው። ዝናብ የማይነካው፣ ነፋስ ግን የሚያገኘው ጥላ ስር ከመሬት ከፍ አድርጌ እደረድረዋለሁ። በጣውላና በጣውላ መሀል በየግማሽ ሜትሩ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አስገባለሁ፤ ቀጫጭኖቹ አንዱ ባንዱ ላይ ቀጥ ብለው መሰለፍ አለባቸው፣ አለበለዚያ ጣውላው ይጎብጣል። ከላይ ብሎኬት እጭንበታለሁ። ጫፍና ጫፉን ቀለም እቀባዋለሁ፣ ምክንያቱም ውሃው በጫፉ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መድረቁን ማወቂያው ደግሞ ሚዛን ነው። ከክምሩ አንዱን ቁራጭ ምረጡና በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፣ ክብደቱን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፉ። ለተከታታይ ሳምንታት አልቀንስ ካለ የአካባቢውን አየር ተላምዷል ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ የጠረጴዛ ላይኛውን ክፍል ከእግሩ ጋር ስታስሩ ቪቲው የሚገባበትን ቀዳዳ ሞላላ አድርጉት። እንጨቱ ወዲህና ወዲያ ይበልበት።

የእንጨቱ ዓይነትም ነገር አለ። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን የከበበ ባለውለታችን ነው፣ በየመንገዱም ይሸጣል። ለስራ ቤቱ ጣሪያና ምሰሶ ጎበዝ ነው። ለመሳቢያና ለጠረጴዛ ግን ጀማሪ አይሞክረው፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለመለማመጃ ግራቪሊያ ይሻላል፣ ለመላጊያም ይታዘዛል። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ደግሞ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግስት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏቸው የነበሩ ዛፎች ናቸው። ስለዚህ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቁ አትግዙ። እነዚህ ዛፎች እያለቁብን ነው፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ካልጠየቅን ማን ይጠይቃል?

የእኔ ምርጫ ከፈረሰ ቤት የወጣ በርና መስኮት ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ፈልጉ። ስንት ዘመን የደረቀ ጽድና ዝግባ ቀለም ተቀብቶ፣ ማንም ሳያየው ተጥሎ ታገኛላችሁ። ቀለሙን ስትልጉት ያ የልጅነቴ ሽታ ይወጣል። ብቻ መጋዝ ከማስነካታችሁ በፊት ማግኔት አሳልፉበት። አንድ የተደበቀ ሚስማር ስለቱን ጉድ ይሰራዋል።

መሬቱን ሳያዩ ወለል ማፍሰስ

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አቃቂ አካባቢ ለሆናችሁ ነው ይሄ። ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እላዩ ላይ በቀጥታ ሊሾ ካፈሰሳችሁ ወለሉ አብሮት ይሰነጠቃል፣ ማሽኑም ያዘማል። መረሬውን አስወጡና ገረጋንቲ አስሞልታችሁ በደንብ አስጠቅጥቁ። ወጪው ያማል፣ ግን አንዴ ነው።

የስራ ቤቱን ስፋት በእንጨቱ ሳይሆን በማሽኑ መለካት

አንድ ፍሬ ኮምፔንሳቶ፣ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀው ሰሌዳ፣ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። በጠረጴዛ መጋዝ በቁመቱ ለመሰንጠቅ ከመጋዙ በፊት 2.44፣ ካለፈም በኋላ 2.44 ነጻ ቦታ ይፈልጋል። አምስት ሜትር ያህል ሆነ ማለት ነው። ስራ ቤቱ አጭር ከሆነ መጋዙን በሩ ፊት ለፊት አድርጉት፣ ትርፉ ወደ ግቢ ይውጣ። በሩም ሰፊ ይሁን። ወዳጄ ሶስት ወር የደከመበትን ቁም ሳጥን ለማውጣት የበሩን መቃን አስፈርሷል።

መብራቱን ከቤት መጥለፍ

ማሽኑን የሚያሽከረክረው ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ዲናሞ 1,500 ዋት አካባቢ ነው። ሲነሳ ግን ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ብቻውን እስከ 4,000 ዋት ሊወስድ ይችላል። ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር እኔ በቀጭን ማከፋፈያ ገመድ መጋዝ ሳስነሳ ምን ሆነ? መብራቱ ደበዘዘ፣ ዲናሞው አጓራ፣ ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ሽቦው ረጅምና ቀጭን ሲሆን ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ዲናሞው ይግላል።

ለስራ ቤቱ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ራሱን የቻለ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። ባለሙያ ያስራው። ማሽን ስትገዙ የተለጠፈበትን አንብቡ፤ 380 ቮልት ካለ ሶስት ፌዝ ነው፣ በተራ የቤት መስመር አይነሳም።

ከፍታችንንም አስቡ። ዲናሞዎች በተለምዶ የሚሰሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው። እኛ ከ2,500 በላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ስለዚህ ያለ ፋታ አታሰሩት። ጄኔሬተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል አቅም ይቀንሳል፤ እዚህ ሩቡን አጥቷል ብላችሁ ከፍ ያለውን ግዙ።

ሌላው፣ መብራት ስራ መሀል ሲጠፋ መጀመሪያ የምትነኩት ማጥፊያውን ይሁን። ሳታጠፉት ሻይ ልትጠጡ ገብታችሁ፣ መብራቱ ሲመለስ መጋዙ ብቻውን ይነሳል። ያን ጊዜ የልጅ ልጅ አጠገቡ ቢኖርስ? መብራት ሲመለስ በራሱ የማይነሳ፣ እንደገና ካልተጫነ የማይሰራ ማብሪያ ያለውን ምረጡ።

ጋቢ ለብሶ መስራት

የሱሉልታ ጠዋት ብርዱ ይታወቃል። ግን ጋቢ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ ቀለበትም ቢሆን፣ ከሚሽከረከር ነገር አጠገብ አይደርስም። ጠባብ ሹራብ ልበሱ። ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር ማሽን አታስነሱ።

ብናኙን ችላ ማለት

ሰው የሚፈራው መሬት ላይ ያለውን ሰጋቱራ ነው። እሱ ይጠረጋል። የሚጎዳው ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ጨረሩ ውስጥ ሲንሳፈፍ የምታዩት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሆኑት መሀል መድቦታል። በነጠላ አፍንጫ መሸፈን አይበቃም፣ ለብናኝ የተሰራ ጭንብል አድርጉ። ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ ተጠቅጥቆ የሚሰራው ኤምዲኤፍ ሰሌዳ ከሆነ ደጅ አውጥታችሁ ቁረጡት። ስትጠርጉም ወለሉን ውሃ ረጨት አድርጉ።

የተልባ ዘይት የምትቀቡም ስሙኝ። ያ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ ሰጋቱራ ላይ ከጣላችሁት ክብሪት ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

በቀነ ገደብ ትዕዛዝ መቀበል

ሁለተኛውን በርጩማ እንደሰራችሁ ጎረቤት ይመጣል። "ጋሼ፣ ለሰርጉ አልጋ ይስሩልኝ" ይላል። እምቢ ማለት ይከብዳል፣ በተለይ የእድርተኛ ልጅ ከሆነ። እኔ ሶስት ትዕዛዝ ባንዴ ተቀብዬ አንድ የበጋ ወቅት እንቅልፍ አጣሁ። ከቢሮ የሸሸሁት ቀነ ገደብ ጓሮዬ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ያልደረቀ እንጨት ላይም ያጣደፈኝ እሱ ነው። አሁን ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፦ "እንጨቱ ሲደርቅ እጀምራለሁ፣ ስጨርስ እደውላለሁ።"