ለሁሉም ልጅ የሚሆን የባህር ዳርቻ መጫወቻ ቦታ ትናንሽ ልጆችን ይዞ እንዴት እንደሚኬድ

አንድ የባህር ዳርቻ መጫወቻ ቦታ «ለአካል ጉዳተኛ ልጆችም ይመቻል» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ራምፕ ነው፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ። ራምፕ ጥሩ ነው ግን አይበቃም። ዋናው ነገር ልጃችሁ ከመኪና ወርዶ እስከ ዥዋዥዌው፣ ከዥዋዥዌው እስከ ሽንት ቤቱ፣ ከዛ ደሞ እስከ ውሃው ዳር ማንም ሳይሸከመው መድረስ ይችላል ወይ የሚለው ነው። መሀል ላይ ጥቂት ሜትር ልቅ አሸዋ ወይም አንድ ደረጃ ብቻ ካለ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ቀኑ እዛው ይበላሻል። ከታች ያለውን የፃፍኩት ይሄን መንገድ እያሰብኩ ነው፣ ደሞ ዊልቸር የሚጠቀም ልጅ ላለው ሰው ብቻ አይደለም፣ ገና ዳዴ ላይ ላለ ህፃን፣ ጋሪ ለሚገፋ ወላጅ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጅ፣ ጉልበቷን ለሚያማት አያትም ይሆናል።

1. ቀድማችሁ ደውሉ፣ ግን «ይመቻል ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ

እንደዛ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። ለይታችሁ ጠይቁ። መሬቱ ምንድነው? ወጥ ሆኖ የፈሰሰ ጎማ ከሆነ ዊልቸርም ጋሪም ይሄድበታል፣ ልቅ አሸዋ ወይም ጠጠር ከሆነ የፊት ጎማው ይሰምጣል፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ከሆነ ደሞ በየጊዜው ካልተስተካከለ ዥዋዥዌው ስርና ሸርተቴው መውረጃ ላይ ይጎደጉዳል። ከፓርኪንግ እስከ መጫወቻው ምን ያህል ነው፣ መሀል ላይ ደረጃ አለ? አጥር አለው፣ በሩስ ይዘጋል? ጥላ አለ? ሽንት ቤቱ በዚህ ወቅት ክፍት ነው ወይስ በበጋ ብቻ? ዳይፐር ለሚጠቀም ትልቅ ልጅ የሚሆን ሰፊ መቀየሪያ አልጋ አለው? (ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው፣ ብዙ ቦታ ያለው ግድግዳ ላይ የሚታጠፈው የህፃን መቀየሪያ ስለሆነ የሰባት አመት ልጅ ይዘው የሄዱ ወላጆች የሽንት ቤት ወለል ላይ ለማስተኛት ይገደዳሉ፣ ይሄ በጭራሽ መሆን የሌለበት ነገር ነው።)

ለአሸዋው ደሞ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ አሸዋው ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ አለ ወይ፣ ካለስ እስከ ውሃው ይደርሳል ወይስ መሀል ላይ ይቀራል። ሁለተኛ ትላልቅ አየር የተሞሉ ጎማዎች ያሉት የባህር ዳርቻ ዊልቸር ያውሳሉ ወይ፣ የልጅ መጠን አለው ወይ፣ ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል ወይ። አንዳንድ ቦታ ከዚህም አልፈው ሄደዋል፣ ለምሳሌ ግሪክ ውስጥ ብዙ የባህር ዳርቻዎች ላይ ሲትራክ የሚባል በፀሀይ ሀይል የሚሰራ ሀዲድ አለ፣ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሪሞት ራሱን ውሃ ውስጥ ያስገባል ራሱን ያወጣል።

ፎቶ ካገኛችሁ ራምፑን እዩት። አሜሪካ ውስጥ በ2010 የወጣው መስፈርት ራምፕ ለ1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት እንዲኖረው ይላል፣ ከዚህ አጥሮ ቀጥ ያለ ከሆነ ልጅ ብቻውን ዊልቸር ገፍቶ አይወጣውም። ሌላው የምታዩት ነገር ራምፕ የሌላቸው መጫወቻዎች ላይ ያለችውን ዝቅ ያለች መቀመጫ ነው፣ ከ28 እስከ 46 ሳንቲሜትር ከፍታ ያላት፣ ልጁ ከዊልቸሩ ተንሸራቶ የሚቀመጥባትና ከዛ በእጁ እየተሳበ ወደ ላይ የሚወጣባት ማለት ነው። በወረቀት ላይ ይሄም «ይመቻል» ይባላል። ግን እጁ ደካማ ለሆነ ልጅ ምንም አይጠቅምም፣ ጠንካራ እጅ ያለው ልጅም ቢሆን ሸርተቴውን ወርዶ ሲያበቃ ዊልቸሩ ያለው ሌላ ጫፍ ላይ ነው፣ ስለዚህ አንድ ሰው ወንበሩን ይዞ ሸርተቴው መውረጃ ጋ መጠበቅ አለበት። ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ወንበሬን አምጡልኝ እያለ መለመን የለበትም።

2. ሰአት ምረጡ

ጠዋት በጊዜ ወይም ከሰአት መጨረሻ ላይ። ምክንያቱ ፀሀይ ብቻ አይደለም፣ የመሬቱ ሙቀትም ነው። ጥቁር ጎማና ብረት ቀትር ላይ የልጅ ቆዳ ያቃጥላሉ፣ እና ስፓይና ቢፊዳ (ሲወለዱ ጀምሮ ያለ የአከርካሪ ችግር) ወይም የነርቭ ጉዳት ያለባቸው ልጆች እግራቸው ላይ ስሜት ስለሚቀንስ ሲቃጠሉ ላያለቅሱ ይችላሉ። ስለዚህ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁሌም የእጃችሁን ጀርባ ጥቂት ሰከንድ አስነክታችሁ ሞክሩ፣ ለእናንተ ካቃጠለ ለነሱ የባሰ ነው።

የባህሩን ሰአትም እዩ። ብዙ ቦታ ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይሸሻል፣ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ ወደ 12 ሰአት ከ25 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሰንጠረዡ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ባህሩ ሲሸሽ እርጥብና ጠጣር አሸዋ ትቶ ይሄዳል፣ እዛ ላይ ተራ ጋሪ ሳይቀር ይገፋል። ሲሞላ ግን የሚቀራችሁ ደረቁና ልሙ አሸዋ ብቻ ነው።

3. ሻንጣ

ይሄን ባጭሩ ልበል። ውሃ፣ መክሰስ፣ ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ፣ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዛ በላይ የሆነ ሰን ስክሪን፣ ማለትም የፀሀይ መከላከያ ቅባት (ከመውጣታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከዛ በየ2 ሰአቱ፣ ከውሃ በወጡ ቁጥርም ድጋሚ)፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ህፃን ግን ከቅባቱ ይልቅ ጥላና ልብስ ይሻላል። የዋና ልብሱ ቀለም ደማቅ ብርቱካን ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን እንጂ ሰማያዊ አይሁን፣ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ይጠፋል። ስልክ ቁጥራችሁ የተፃፈበት የእጅ ማሰሪያ። ድምፅ ለሚረብሸው ልጅ የጆሮ መከላከያ፣ ንፋስና ማዕበል አንድ ላይ እኮ ትልቅ ሰው ያደክማል። ሁለት ጠርሙስ ተራ ውሃ ደሞ ለጎማ ማጠቢያ።

4. ለልጁ ቀድማችሁ አሳዩት

አዲስ ቦታ ለሚያስጨንቀው ልጅ ከማታው ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል አሳዩት፣ መኪና፣ በር፣ ዥዋዥዌ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ቤት። መጨረሻ ላይ ቤት መኖሩ ዋና ነገር ነው፣ መቼ እንደሚያልቅ ያወቀ ልጅ ሲመለስ ብዙ አያስቸግርም።

5. ስትደርሱ መጀመሪያ ዙሩት

ልጆቹን ከመልቀቃችሁ በፊት ሽንት ቤት ግቡ፣ ከዛ ቦታውን አንዴ በእግር ዙሩት። በሩ የት ነው፣ አጥሩ የት ጋ ክፍት ነው፣ ውሃው በየት በኩል ነው። ባህር ዳርቻ ላይ ያለ መጫወቻ ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው፣ ልጅ ሁለት ደቂቃ ከጠፋ ሊገኝ የሚችልበት ቦታ አደገኛ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ደሞ ውሃ በጣም ይስባቸዋል። ስለዚህ ልጅ ከጠፋ መጀመሪያ መሮጥ ያለባችሁ ሽንት ቤት ወይም መኪናው ጋ አይደለም፣ ውሃው ጋ ነው። የቀረው ሰው ሌላውን ቦታ ይፈልግ።

ሁለት ሶስት ትልቅ ሰው ካላችሁ ማን ማንን እንደሚያይ በስም ተካፈሉ። ሁሉም ሰው ሲያይ ማንም አያይም። ተራ ስትቀያየሩም «አሁን አንተ ነህ» ብላችሁ በአፍ ተባባሉ።

6. ጨዋታው

እዚህ ላይ ረጋ በሉ ምክንያቱም የመጣችሁት ለዚህ ነው። ልጁ ራሱ ይምረጥ። ዊልቸር ላይ ላለ ልጅ ጥሩ የሆኑት መሬቱ ጋ እኩል የሆነው የሚሽከረከር መጫወቻ (ከነወንበሩ ይገባበታል፣ ግን ፍሬን አስይዙ)፣ ከፍ ያለ የአሸዋ ጠረጴዛ ከስሩ ጉልበት የሚገባበት፣ የሙዚቃ ሰሌዳዎች፣ እና ሰፊው የቅርጫት ዥዋዥዌ ናቸው፣ የቅርጫቱን የምወደው ሁለት ሶስት ልጅ አብሮ ስለሚተኛበት ነው። ቀበቶና መደገፊያ ያለው ዥዋዥዌም ጥሩ ነው ግን ልጁ ብቻውን ነው የሚሆነው። አንድ ልጅ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ወንድሞቹን እያየ የሚያጨበጭብ ከሆነ ቦታው ምንም ያህል ቢያምር ለሱ ገና አልተከፈተም፣ ስለዚህ ሌሎቹን ወደሱ ጥሩ፣ አሸዋ ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ግንብ አብረው ይስሩ።

ሸርተቴ ላይ ሁለት ነገር። ትንሽ ልጅ ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ አትንሸራተቱ። ደህንነት ይመስላል ግን የልጁ እግር ጠርዙ ላይ ከተያዘ የእናንተ ክብደት ገፍቶት የታችኛው እግር አጥንት ሊሰበር ይችላል፣ ሀኪሞች ይሄን ስብራት ደጋግመው ያዩታል። ብቻውን መውረድ ካልቻለ ዝቅ ያለ ሸርተቴ ፈልጉና ከጎን ሆናችሁ ያዙት። ሁለተኛው ኮክሊያር ኢምፕላንት (በቀዶ ጥገና የሚገባ የመስሚያ መሳሪያ) ላለው ልጅ ነው፣ የፕላስቲክ ሸርተቴ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ ይሄ ደሞ መሳሪያውን ሊያበላሽ ስለሚችል ከመንሸራተቱ በፊት ከጆሮ ጀርባ ያለውን ውጪኛውን ክፍል አውልቁለት። አዲሶቹ መሳሪያዎች የተሻለ ይቋቋማሉ፣ የናንተውን መመሪያ እዩ። ካወለቃችሁት ግን ጥሪያችሁን እንደማይሰማ አትርሱ፣ ቀድማችሁ የእጅ ምልክት ተስማሙ፣ ከአይናችሁም አይጥፋ።

7. ወደ ውሃው

መጫወቻውን ቀድሙ ውሃውን አስከትሉ፣ ምክንያቱም ከረጠቡና አሸዋ ከነካቸው በኋላ ወደ ዥዋዥዌ መመለስ ከባድ ነው። ላይፍ ጋርድ (ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሰው) ያለበት ጋ ብቻ ግቡ። ቀይና ቢጫ ባንዲራ ካለ በሁለቱ ባንዲራ መሀል ነው የሚጠበቀው፣ ቀይ ብቻ ከሆነ ትናንሽ ልጆች ይዞ የሚገባ ሰው አይኑር፣ ወይን ጠጅ ከሆነ ጄሊፊሽ ወይም ሌላ የሚጎዳ የባህር እንስሳ አለ ማለት ነው። ትናንሽ ልጆች ቁርጭምጭሚታቸውን ብቻ ቢነክሩም እጃችሁን ዘርግታችሁ በምትደርሱበት ርቀት ይሁኑ፣ የሚሰምጥ ልጅ አይጮህም አይጣራም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

የባህር ዳርቻ ዊልቸሩ የሚንሳፈፍ አይነት ቢሆን እንኳን የዋና መሳሪያ አይደለም፣ ሞገድ ይገለብጠዋል፣ ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው ይዞት ይቁም። የኤሌክትሪክ ዊልቸርን ወደ ጨው ውሃ አታስጠጉ። አሸዋ ላይ ደሞ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ከልጁ ጉልበት በላይ እንዳይጠልቅ፣ አሸዋ ሳይታሰብ ይናዳል፣ ሰውም ይቀብራል። ስትሄዱም ድፈኑት፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰውም ለዊልቸርም።

8. ስትመለሱ

ከመሄዳችሁ አስር ደቂቃ በፊት ተናገሩ፣ አምስት ሲቀርም ድገሙ። የዊልቸርና የጋሪ ጎማዎችን ባመጣችሁት ውሃ እዛው እጠቡ፣ ቤት ስትደርሱ ደሞ በደንብ እጠቡና አድርቁ፣ ጨውና አሸዋ ኩሽኔታ ውስጥ ከገቡ ዝገቱ ቶሎ ነው የሚጀምረው። ልጁ ሰውነት ላይ የሚታሰር መሳሪያም ከሆነ እንደዛው፣ የአጥንት ድጋፍ ማሰሪያ ስር የቀረ አሸዋ ማታ ቆዳ ይልጣል።

የተበላሸ ነገር ካያችሁ፣ የተቆለፈ ሰፊ ሽንት ቤት፣ የተገነጠለ ጎማ፣ አሸዋ የዋጠው ምንጣፍ፣ ፎቶ አንሱና ቦታውን ለሚያስተዳድረው ቢሮ ላኩ፣ ቀኑንና ትክክለኛ ቦታውን ፅፋችሁ። እንደ ችሮታ አትለምኑ። በ2006 የፀደቀው የተባበሩት መንግስታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አንቀፅ 30 ላይ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች እኩል መጫወት እንዲችሉ መንግስታት ማድረግ አለባቸው ይላል። መልስ ካልመጣ በሳምንቱ ያንኑ ፎቶ ድጋሚ ላኩት፣ እዛ ያገኛችኋቸው ወላጆችም እንዲልኩ ንገሯቸው።