ባትሪው ሳይሆን ቺንጋው ነበር
ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስነዳ መሸብኝ። ሉማሜ ላይ ቆም ስል የፊት መብራቱ ደከመ። ነዳጅ ስሰጠው መልሶ ደመቀ። ቀዩ የባትሪ ምልክትም ብልጭ ድርግም ይላል። ለካ ጠዋት ሞተር ሳስነሳ "ሲጥ" የሚለው ድምፅ ምልክት ኖሯል!

"ባትሪ ቀይር" አሉኝ። እኔ ግን በመልቲሜትር ለካሁት፤ ሞተሩ እየሠራ 12.2 ቮልት። ጤነኛ ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል) ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ሞተሩን አጥፍቼ የዲናሞውን ቺንጋ (ሞተሩ ዲናሞውን የሚያዞርበትን ቀበቶ) በአውራ ጣቴ ብጫነው ልል ነው፤ የጠዋቱ ድምፅም የእሱ ነበር። አጠበቅሁት። የባትሪው ጫፍም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፤ መጀመሪያ የኔጌቲቩን (−) ገመድ ፈትቼ በሙቅ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ አጸዳሁት። አሁን 14.1 ሆነ።

የተቃጠለ ሽቦ ከሸተታችሁ ግን እባካችሁ እዚያው አቁሙ።