የአደን ጠመንጃ መነጽር ስትገዙ፦ ጥራቱንና ክብደቱን እንዴት ታመዛዝናላችሁ?

ኮሎራዶ ውስጥ ለኤልክ አደን በወጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት ጠመንጃዬ ላይ የገጠምኩት መነጽር ብቻውን ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ኤልክ ፈረስ የሚያህል ዋላ ነው። ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ እንስሳ ስለሆነ ለእኛም ቤት ድስት ይሆናል። ዋላ በኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት ጋር ተቆጥሯል። የአደኑ ወቅትም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሚውል፣ ቀደም ብሎ ከቀናችሁ ሥጋው ከጾመ ነቢያት በፊት ይደርሳል።

ወደ መነጽሩ ልመለስ። 25 ጊዜ አቅርቦ ያሳያል። ሻጩ «የጨረቃን ጉድጓዶች ታይበታለህ» አለኝ። አልዋሸም፣ አይቼበታለሁ። ኤልክ ግን አላየሁበትም። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ጠመንጃውን ከትከሻ ትከሻ ሳቀያይር ዋልኩ። ደጋ ያደገ ሳንባም ቢሆን አሜሪካ ጥቂት ዓመት በመኪና ከኖረ በኋላ ያለከልካል። ማጉያውንም ሳምንቱን ሙሉ ከ6 አላሳለፍኩትም። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

1. መጀመሪያ አካሄዳችሁን እወቁ

በእግር ነው የምታድኑት ወይስ ተቀምጣችሁ? ቴክሳስ ውስጥ ማማ ላይ ቁጭ ብሎ አጋዘን የሚጠብቅ ሰው 1 ኪሎ መነጽር ቢገጥም ምንም አይሆንም። ጠመንጃው መስኮቱ ላይ ተደግፎ ነው የሚውለው። በቀን 10 ኪሎ ሜትር ዳገት የሚወጣ ሰው ግን እያንዳንዷን 100 ግራም ከሰዓት በኋላ በስሟ ይጠራታል።

ቀጥሎ ርቀቱን አስቡ። ስንት ሜትር ላይ ያለ እንስሳ መምታት እንደምትችሉ ለራሳችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ ጓደኛ ፊት የምትሉትን አይደለም። 200 ሜትር ላይ ያለ ኤልክ በ4 እጥፍ ማጉያ 50 ሜትር ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። 300 ሜትር ላይ ያለው በ10 እጥፍ 30 ሜትር ይሆናል። ለዚያ ትልቅ እንስሳ ከዚህ በላይ ማቅረብ ምን ይሠራል?

«እሩቅ ያለውን ለመለየት» የሚል መልስ ካላችሁ፣ ለዚያ ደረት ላይ የሚንጠለጠል አቅራቢ መነጽር አለ። በጠመንጃ መነጽር መፈለግ ማለት ምንነቱን ያላወቃችሁት ነገር ላይ አፈሙዝ መደገን ነው። ቁጥቋጦው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል።

2. ሁሉንም መዝኑ

ጠመንጃው ጥይት እንደሌለው ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ከዚያ የሰው ሚዛን ላይ ብቻችሁን ቁሙ፣ ቀጥሎ ይዛችሁት ቁሙ፣ ልዩነቱን ጻፉ። መነጽሩንና ማሰሪያ ቀለበቶቹን ለብቻ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ። ቀለበት ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ከባድ የብረት ቀለበት መርጣችሁ ከመነጽሩ ላይ በገንዘብ ያስቀነሳችሁትን ግራም መልሳችሁ ልትከምሩ ትችላላችሁ።

የእኔ ልክ ይሄ ነው፦ ለ3 ኪሎ ጠመንጃ፣ በእግር ለሚያድን፣ መነጽርና ቀለበት አንድ ላይ ከግማሽ ኪሎ ብዙ ባያልፍ። ሕግ አይደለም፣ የትከሻዬ ልምድ ነው።

3. ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ ለዩ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ብዙ ሰው «ጥሩ መነጽር ከባድ ነው» ብሎ ያምናል። በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም።

መነጽር የሚያከብዱት የፊት ሌንሱ ስፋት፣ የቱቦው ውፍረት፣ የማጉያው ስፋት (ከ3 እስከ 9 ሳይሆን ከ5 እስከ 25 ሲሆን)፣ ከላይና ከጎን ያሉት ትላልቅ ማስተካከያዎች ናቸው። የምስሉን ጥራት በዋናነት የሚሰጡት ግን የመስታወቱ ዓይነት፣ አሠራሩና በላዩ የተቀባው ሽፋን ናቸው።

ሽፋኑን ብቻ እንውሰድ። ያልተቀባ መስታወት ብርሃን በገባበትና በወጣበት ቁጥር 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። አንድ መነጽር 8 ሌንስ ቢኖረው 16 ገጽ ነው። 4 በመቶው 16 ጊዜ ሲቀነስ ከገባው ብርሃን ዓይናችሁ ጋ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ይሆናል። የጀርመኑ የሌንስ አምራች የዛይስ ኩባንያው አሌክሳንደር ስማኩላ በ1935 እ.ኤ.አ. ይህን ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን ፈለሰፈ። የዛሬዎቹ ድርብርብ ሽፋኖች በየገጹ የሚባክነውን ከግማሽ በመቶ በታች ያደርሱታል፤ በዚያው ሂሳብ ከ90 በመቶ በላይ ብርሃን ያልፋል። ይህ ሁሉ ልዩነት ሚዛን ላይ ምንም አይመዝንም። የሚመዝነው ኪስ ላይ ነው።

ገበያውም ይህንኑ ያሳያል። የሉፖልድ ቪኤክስ ፍሪደም 3-9×40 መነጽር (ማጉያው ከ3 እስከ 9 እጥፍ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር ማለት ነው) 350 ግራም ገደማ ነው። የስዋሮቭስኪ ዜድ3 3-10×42 ደግሞ 360 ግራም ገደማ። ዋጋቸው ከእጥፍ በላይ ይራራቃል፣ ክብደታቸው ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል። ቮርቴክስ ሬዘር ኤልኤችቲ 3-15×42 ወደ 540 ግራም ይወጣል። ናይትፎርስ አታከር 5-25×56 ደግሞ ከ1 ኪሎ ያልፋል፤ ድንቅ መሣሪያ ነው፣ ግን ረጅም ርቀት ላይ ዒላማ ለሚመታ ሰው ነው የተሠራው።

ስለዚህ በገንዘባችሁ መስታወትና ሽፋን ግዙ። በግራማችሁ ደግሞ የማትጠቀሙበትን ማጉያ አትሸከሙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦው 30 ሚሊ ሜትር ስለሆነ «የበለጠ ብርሃን ያስገባል» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ዝም ብላችሁ ፈገግ በሉ። ወፍራም ቱቦ በዋናነት የሚጠቅመው የማነጣጠሪያውን መስቀለኛ መስመር ሰፋ አድርጎ ለማንቀሳቀስ ነው።

4. ትንሽ ሂሳብ ሥሩ

የፊት ሌንሱን ስፋት ለማጉያው ስታካፍሉ ዓይናችሁ ላይ የሚያርፈውን የብርሃን ክብ ታገኛላችሁ። 40 ሚሊ ሜትር ለ6 ሲካፈል 6.7 ነው። የወጣት ሰው ብሌን በጨለማ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል፤ 50 ዓመት ላለፈው ሰው ብዙ ጊዜ 5 አካባቢ ነው። በ6 እጥፍ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 8.3 ይሰጣል፤ ትርፉ ዓይናችሁ ውስጥ አይገባም። በ10 እጥፍ ግን 40ው ወደ 4 ይወርዳል። ያኔ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሲመሽ ማጉያውን ቀንሱት።

ጀርመኖች 8×56 መነጽር የሚወዱት በምክንያት ነው። 56 ለ8 ሲካፈል 7 ነው፤ እነሱም ማማ ላይ ተቀምጠው በጨረቃ ብርሃን የዱር አሳማ ያድናሉ። እኛ ኮሎራዶ ውስጥ ማታ ኤልክ አናድንም።

5. ሲመሽ ሞክሩት

ሱቅ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ መብራት፣ የርካሹም መነጽር ጥርት ብሎ ያሳያል። ከቻላችሁ ሁለቱን መነጽሮች፣ ጠመንጃ ላይ ሳይገጠሙ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይዛችሁ ውጭ ቁሙ። ሁለቱንም 6 ላይ አድርጉ። ጥላ ውስጥ ያለ ዛፍ ምረጡና ቀጫጭን ቅርንጫፎቹን ተመልከቱ።

ጥቁር ቅርንጫፍ ብሩህ ሰማይ ላይ ሲያርፍ ዳሩ ሐምራዊ ይሆናል? የምስሉ ጠርዝ ይደበዝዛል? ፀሐይዋ በምትጠልቅበት አቅጣጫ ያለ ዛፍ ስታዩስ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል? ፀሐይዋን ራሷን ግን በጭራሽ አትዩ፤ ዓይን ያጠፋል።

አሁን ሰዓታችሁን ያዙ። ኮሎራዶ ውስጥ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። ኤልክም ከጫካ የሚወጣው በአብዛኛው በነዚያው ደቂቃዎች ነው። ቀለል ያለው መነጽር እስከዚያ ግማሽ ሰዓት መጨረሻ ቅርንጫፉን ካሳያችሁ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ 20 ደቂቃ ተጨማሪ የሚያሳየው ከባዱ መነጽር የሚያሳያችሁ ልትተኩሱ የማይፈቀድላችሁን እንስሳ ነው። በ15ኛው ደቂቃ ላይ ከጠፋባችሁ ግን ተዉት፣ የተሻለ መስታወት ያስፈልጋችኋል። 100 ግራም ቢያስጨምርም እኔ እጨምራለሁ።

6. ስትገጥሙት

ክብደት ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ጠመንጃ ሲቀል ርግጫው ይብሳል። ቀላል ጠመንጃ፣ ኃይለኛ ጥይትና ለዓይን በጣም የቀረበ መነጽር ከተገናኙ ቅንድብ ይሰነጠቃል። ከኋላ ሌንሱ እስከ ዓይናችሁ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት የሚሰጥ ምረጡ።

የፊት ሌንሱ ትልቅ ከሆነ ከፍ ያለ ቀለበት ይፈልጋል። ያኔ ጉንጫችሁ ከሰደፉ ይነሳል፣ ክብደቱም ወደ ላይ ይቆለልና ጠመንጃው ወደ ጎን መጋደል ያምረዋል። በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጋችሁ ግጠሙት።

ብሎኖቹን ሙሉ በሙሉ ከማጥበቃችሁ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይታችሁ፣ የአደን ጃኬታችሁን ልበሱ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሰደፉን ትከሻችሁ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ ግለጡ። ምስሉ ሙሉ ክብ ሆኖ ካልታያችሁ መነጽሩን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እያንሸራተታችሁ ድገሙት። ጃኬቱ ወፍራም ስለሆነ በቲሸርት የተለካው አይሠራም። አጥብቃችሁ ስትጨርሱ 100 ሜትር ላይ አልማችሁ ተኩሱ። ተራራው ሥር ያለው ካምፕ ስትደርሱም፣ መተኮስ በሚፈቀድበት ቦታ፣ አንዴ ደግማችሁ ሞክሩት፤ መንገዱ ኮረኮንች ነው።