የሳይንስ ተማሪ ኖቱን እንዴት ያደራጅ?

የኖት አያያዝ የሚለየው ጥያቄ ለመሥራት ስትቀመጡ ነው። የጠፋባችሁን ቀመር ቶሎ ካገኛችሁት ተደራጅታችኋል፤ ደብተሩ አማረም አላማረም።

1. ለየኮርሱ አንድ ፎልደር ክፈቱ። የፋይሉ ስም በዓመት፣ በወር፣ በቀን ይጀምር፦ «2025-03-07 ኬሚስትሪ ምዕራፍ 4»። ዓመቱ ከፊት ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው አዲሱ» እያሉ መሰየም ግን ራስን ማደናገር ነው።

2. ክፍል ውስጥ በወረቀትና በእስክሪብቶ ጻፉ። መምህሩ ቀመር እያወጣ ሳለ በላፕቶፕ እከተላለሁ የሚል ሁለተኛው መስመር ላይ ይቀራል። ከገጹ በስተግራ ጠባብ ዓምድ ተዉ፤ ማታ ላይ ኖቱ የሚመልሰውን ጥያቄ እዚያ ትጽፋላችሁ። ለጥናት ስትቀመጡ ቀኙን ሸፍናችሁ ግራውን መመለስ ነው። ዘዴው ኮርኔል በተባለው ዩኒቨርሲቲ ስም ይጠራል።

3. የቀመር ወረቀት አዘጋጁ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቀመሩን ብቻ ደርድረው ጨረስን ይላሉ። ቀመሩንማ መጽሐፉም ይዞታል። ከጎኑ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ እያንዳንዱ ፊደል የሚወክለውን፣ መለኪያውን፣ ቀመሩ የሚሠራበትን ሁኔታ።

የጋዝን ግፊት፣ ቮልዩምና ሙቀት የሚያያይዘውን የጋዝ ሕግ (PV = nRT) እንውሰድ። ግፊቱ በፓስካል፣ ቮልዩሙ በሜትር ኩብ ከሆነ የጋዙ ቋሚ ቁጥር (R) 8.314 ነው፤ በአትሞስፌርና በሊትር ከሆነ ደግሞ 0.0821። ሙቀቱ ምንጊዜም በኬልቪን ስለሚገባ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ 298.15 ይሆናል። ግፊቱ በጣም ሲጨምር ወይም ጋዙ ወደ ፈሳሽነት ሲቃረብ ሕጉ እየሳተ ይሄዳል። ይህን በሁለት መስመር ያሰፈረ ተማሪ ስሌቱ ትክክል ሆኖ መልሱ መቶ እጥፍ ሲርቅበት የት ጋ እንደሚፈልግ ያውቃል። የፊዚክስ የእንቅስቃሴ ቀመሮችም እንዲሁ ናቸው፤ አጠገባቸው «ፍጥንጥነቱ የማይለዋወጥ ሲሆን ብቻ» የሚል ካልተጻፈ ያለቦታቸው ይገባሉ።

ወረቀቱን ከጓደኛ ኮፒ ማድረግ አይጠቅምም። ጥቅሙ ያለው ስታዘጋጁት ነው።

4. የላቦራቶሪ ደብተር ለብቻው ይሁን፤ ገጹ ቁጥር፣ ሥራው ቀን ይኑረው። መለኪያ መሣሪያው ያሳየውን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ይዞ በኋላ መገልበጥ ቁጥር ያስታል። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አታጥፉት፤ ስህተት የመሰለው ቁጥር ኋላ ትክክለኛው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

5. የተሳሳታችኋቸውን ጥያቄዎች ከነምክንያታቸው በአንድ ቦታ ሰብስቡ። በስልክ ያነሳችሁትን የሰሌዳ ፎቶ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ፎልደሩ አስገቡት፤ ካደረ ከሰልፊ መሀል ፈልጎ የሚያወጣው የለም።