ከቅርፊቱ መውጣት ያቃታትን ጫጩት መርዳት መቼ ይገባል?

የመጀመሪያው ስንጥቅ ቅርፊቱ ላይ ከታየ በኋላ ሰዓታት አልፈው ጫጩቷ ሳትወጣ ስትቀር፣ አርቢው እጁን መሰብሰብ ይቸግረዋል። እኔም ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ግቢያችን በአነስተኛ መፈልፈያ ማሽን እንቁላል ማስፈልፈል በጀመርሁበት ወቅት ይህን ትዕግሥት አላውቀውም ነበር። ከተሰነጠቀ ገና አራት ሰዓት ያልሞላውን አንድ እንቁላል በጥፍሬ ስልጥ፣ ከስሱ ሽፋን ላይ ደም እንደ ላብ ብቅ ብቅ አለ፤ ጫጩቷም አስኳሏ ከእምብርቷ ውጭ እንደ ተንጠለጠለ መዳፌ ላይ ሞተች። ብተዋት ኖሮ በማግሥቱ ራሷ ትወጣ እንደ ነበር የተረዳሁት ኋላ ነው።

መዘግየቱ ምክንያት አለው። ጫጩቷ እስከ 19ኛው ወይም 20ኛው ቀን ድረስ አየር የምታገኘው ከቅርፊቱ ሥር በተዘረጉት የደም ሥሮች አማካይነት ነው። ከዚያ በመንቁሯ ስሱን ሽፋን ወግታ በእንቁላሉ ደንዳና ጫፍ ወዳለው የአየር ክፍል ትገባና በሳንባዋ መተንፈስ ትጀምራለች። ያ አየር ሲያንሳት አንገቷ እየተንፈራገጠ፣ በመንቁሯ ጫፍ ላይ ባለችው ጠጣር ነጭ ጉብታ ቅርፊቱን ትሰነጥቃለች። ከዚህ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያህል ዝም ብላ የተኛች ትመስላለች፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ በሽፋኑ ላይ ያለው ደም ወደ ሰውነቷ ይመለሳል፣ የቀረው አስኳልም በእምብርቷ በኩል ወደ ሆዷ ይሰበሰባል። ሁለቱ ሲያልቁ ዙሪያውን እየዞረች ደንዳናውን ጫፍ እንደ ክዳን ቆርጣ በእግሯ ገፍታ ትወጣለች። ሳያልቁ የከፈተ ሰው የሚያገኘው እኔ ያገኘሁትን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መሣሪያ እርሳስ ነው። ስንጥቁ በታየበት ቅጽበት ሰዓቱን ቅርፊቱ ላይ መጻፍ ይገባል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተሰነጠቀው እስከ ማግሥቱ ምሽት 2 ሰዓት ድረስ፣ ድምፁ እየተሰማ ሽፋኑም ነጭና እርጥብ እስከ ሆነ ድረስ፣ አይነካም። የቀን አቆጣጠሩም ብዙ ሰው ያሳስታል፦ ሰኞ ማታ የገባ እንቁላል 1ኛ ቀኑን የሚሞላው ማክሰኞ ማታ ስለሆነ፣ ጫጩት የሚፈለፈልበት 21ኛው ቀን ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚውለው ሰኞ ማታ ነው። መካከል ላይ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቀዝቅዞ ከነበረ 22ኛው ቀን ላይ መድረሱ ብቻውን የችግር ምልክት አይሆንም።

ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚፈርደው የሽፋኑ ቀለም ነው። ነጭ ሆኖ ከረጠበ ጫጩቷ ጊዜ አላት። ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ከሰውነቷ ጋር ከተጣበቀ ግን መዞር አትችልም፤ ብርቱ ብትሆንም ታስራለች። ይህ በእኛ ደጋ ይበረታል፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፣ እንቁላሉም ውኃውን ፈጥኖ ያጣል፤ በበጋማ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ደረቅ ነፋስ በር በተከፈተ ቁጥር የማሽኑን እርጥበት ይዞ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ፣ ዙሪያውን መቁረጥ ጀምራ ለብዙ ሰዓት ያቆመች፣ ድምፅዋ እየደከመ የሄደ፣ ወይም በሹሉ ጫፍ በኩል የሰነጠቀች ጫጩት በቅርብ መጠበቅ አለባት። የመጨረሻዋ አቀማመጧ ስለ ተዛባ የአየር ክፍሉን አላገኘችም፤ ሆኖም ራሳቸው የሚወጡ ስላሉ በሹሉ ጫፍ መሰንጠቋ ብቻውን ለመክፈት አያበቃም። ሰዓት ሳይጠበቅ የሚደረግ አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ሽፋኑ የመንቁሯን ቀዳዳዎች ሸፍኖ ትንፋሽ ከከለከላት፣ መንቁሯ ላይ ብቻ ትንሽ ቀዳዳ መክፈት።

መርዳት ሲወሰን የክፍሉን በር ዘግቶ፣ እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ ፈልቶ ለብ ያለ ውኃ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ በአልኮል የተጠረገ ወረንጦና የእጅ ባትሪ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ማሽኑ በተከፈተ ቁጥር የሌሎቹም ሽፋን ስለሚደርቅ፣ እንቁላሉን ፈጥኖ አውጥቶ ወዲያው መዝጋት፣ እንቁላሉንም በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ መያዝ ነው። ከስንጥቁ ጀምሮ ወደ ደንዳናው ጫፍ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቅርፊት በወረንጦ ይነሣል፤ ሽፋኑ ግን አይቀደድም። ጥጡን ነክሮ፣ ውኃው ወደ መንቁሯ እንዳይፈስ ተጠንቅቆ ሽፋኑን ማራስ ነው። ሲርስ መስተዋት መስሎ ያሳልፋል፤ በውስጡ ያለው የደም ሥር ካልተሰበሰበ እንደ ቀይ ክር ይታያል። ክሩ ከታየ ሥራው እዚያው ይቆማል፤ እንቁላሉ ወደ ማሽኑ ተመልሶ ከሦስትና አራት ሰዓት በኋላ እንደገና ይታያል። አንዲት ጠብታ ደም ከወጣም እንዲሁ፤ በንጹሕ ጥጥ ለአፍታ ተጭኖ መመለስ ነው። መንቁሯን እንደ ማኘክ እየከፈተች የምትዘጋውንም አስኳሏን አልጨረሰችም ብዬ እተዋታለሁ።

ቀይ ክር ከሌለ ደንዳናውን ጫፍ ዙሪያውን በጥቂት በጥቂቱ ከፍቶ ክዳኑን ማንሣት፣ ራሷ ክንፏ ሥር ተቀብሮ ከሆነም በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ ማውጣት ነው። የታችኛው ግማሽ ይቀራል። እምብርቷ ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ራሷ ገፍታ እንድትወጣ ወደ ማሽኑ ትመለሳለች እንጂ አትጎተትም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ ሥራ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ነው የምጨርሰው።

በዶሮ የታቀፈ እንቁላል ግን ሌላ ነው። የሀበሻ ዶሮ ሙቀቱንም እርጥበቱንም ከማናችንም በላይ ታውቃለች፤ ጭዱን እየበረበሩ ማስደንገጥ ትርፉ እንቁላል ማስሰበር ነው። ሥጋቱ የሚመጣው ቀድመው የወጡት ጫጩቶች ሲንጫጩ እሷ ከጎጆዋ ተነሥታ የዘገየው እንቁላል ሲቀዘቅዝ ነው። እንዲህ ያለውን ወደ ጎረቤት ማሽን ወይም ገና ወደምታቅፍ ሌላ ዶሮ ማዛወር ያድናል። አንዲት ጎረቤታችን የዘገየ እንቁላል በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ለብ ባለ ውኃ ላይ ታንሳፍፍ ነበር፤ የተሰነጠቀ እንቁላል ላይ ይህን ማድረግ ጫጩቷን ማስጠም ስለሆነ ጆሮን አስጠግቶ ማድመጥ ይሻላል።

የወጣችው ጫጩት ላባዋ እስኪደርቅ በማሽኑ ውስጥ ትቆይ። ሆዷ ውስጥ የገባው አስኳል ለሁለት ቀን ያህል ስለሚበቃት ጥሬ ለመስጠት መቸኮል አያስፈልግም። እምብርቷ ካልገጠመ አዮዲን ነክቶ ከሌሎቹ መለየት ይገባል፤ አለበለዚያ እኅቶቿ ይጠነቁሏታል። እኔ በረዳኋቸው እግር ላይ ላላ ያለ ክር አስራለሁ፣ ጫጩቷ ስታድግም ክሩን እለውጣለሁ፤ ለዘርም አላስቀራቸውም።

ከአንድ ዙር ሦስት አራቱ አብረው ከታሰሩ ግን ጥፋቱ የጫጩቶቹ አይደለም። ያን ጊዜ ወረንጦውን አስቀምጦ ማሽኑን መመርመር ነው፦ ማራገቢያ ባለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያም ማገላበጡ ቆሞ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከ65 እስከ 70 በመቶ መሆን አለበት። የእኔ ማሽን ውስጥ የጎደለው ከታች የሚቀመጠው የውኃ ሳህን ስፋት ነበር።