ልጅዎ ከቤት ከተወሰደ፦ የቤተሰብ ሕክምና ፍርድ ቤትን በዋሽንግተን ስቴት እንዴት ይጠቀሙበታል?

በመጠጥ ወይም በዕፅ ሱስ ምክንያት ልጁ በመንግሥት ጥበቃ ሥር የገባበት ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የጊዜ ገደቡን ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ አንድ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በአሳዳጊ ቤት ካሳለፈ፣ በዘመድ ቤት እንደ መኖር ያሉ ልዩ ሁኔታዎች ከሌሉ በቀር፣ ስቴቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ እንዲያመለክት ያስገድዳል። ሱስ ደግሞ የሚያገረሽ ሕመም በመሆኑ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ወላጁ ይጎዳል።

በ1994 እ.ኤ.አ. በኔቫዳ፣ ሬኖ ከተማ የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ፍርድ ቤት የልጁን ጉዳይና የወላጁን ሕክምና በአንድ ዳኛ ፊት ያገናኛል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሲያትል አካባቢ የኪንግ ካውንቲው ፍርድ ቤት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ የሚገባበትም በፈቃደኝነት ነው።

ልጁ በተወሰደ (ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ) በ72 ሰዓት ውስጥ በሚደረገው ችሎት ጠበቃ ይጠይቁ፤ የመክፈል አቅም ከሌለዎት መንግሥት ያቆምልዎታል። ወደ ሕክምና ፍርድ ቤቱ ለመዛወር እንደሚፈልጉም ያን ጊዜውኑ ለጠበቃዎ ይንገሩ። እንግሊዝኛ ቢችሉም እንኳ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የችሎት እንግሊዝኛ የገበያ እንግሊዝኛ አይደለም።

ዜጋ ካልሆኑ፣ ስለ ዕፅ አጠቃቀምዎ በችሎት ከመናገርዎ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ። በዋሽንግተን የተፈቀደው ማሪዋና እንኳ በፌዴራል ሕግ ክልክል ስለሆነ፣ መጠቀምዎን ማመንዎ በግሪን ካርድዎ ወይም በዜግነት ማመልከቻዎ ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ገበናን መሸፈን በእኛ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ልጁን ሊይዙ የሚችሉ አያት፣ አክስት ወይም የቅርብ ወዳጅ ካሉ ስማቸውን ለሶሻል ወርከሩ ቶሎ ይስጡ፤ አለዚያ ልጁ ቋንቋውን በማያውቅ ቤት ሊያድግ ይችላል።

ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ ችሎቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደጋገማል፤ ድንገተኛ የሽንት ምርመራም አለ። ሱሱ ካገረሸብዎ ምርመራው ሳያጋልጥዎ ለጠበቃዎና ለሕክምና ባለሙያዎ ይንገሩ፤ ብዙውን ጊዜ ሕክምናው ይጠናከራል እንጂ ጉዳዩ በዚያው አያበቃም፣ መደበቅ ግን አመኔታን ያሳጣል። ሐኪም ያዘዘልዎትን ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን (እንደ ሄሮይን ላሉ ዕፆች ሱስ የሚሰጡ መድኃኒቶች) «ይህም ሱስ ነው» በሚል የዘመድ ወቀሳ አያቋርጡ፤ የታወቀ ሕክምና ነው። ከልጁ ጋር የሚገናኙበት ቀጠሮ ከሥራ ሰዓት ጋር ከተጋጨብዎ፣ ከመቅረትዎ በፊት ጠበቃዎ እንዲያስቀይርልዎ ያድርጉ።