በድንገተኛ ክፍል የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፦ ለጀማሪ ሐኪሞች የቀረበ መመሪያ

በሌሎች የሕክምና ዘርፎች ሐኪሙ ታሪክ ጠይቆና መርምሮ የበሽታውን ስም ከለየ በኋላ ወደ ሕክምናው ይገባል። በድንገተኛ ክፍል ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ በሙያው የቆየ ሐኪም አስቀድሞ የሚያስበው የበሽታውን ስም ሳይሆን ይህን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ምን ሊገድለው እንደሚችል ነው።

ታካሚው እንደደረሰ ስሙንና ምን እንደሚሰማው ይጠይቁት። ሳይቆራርጥ፣ በተስተካከለ ድምፅ ከመለሰ አየር መተላለፊያው ክፍት መሆኑን፣ ትንፋሹ ለጊዜው እንደሚበቃውና አንጎሉ ደም እያገኘ መሆኑን ባንድ ጊዜ ተረድተዋል። ካልመለሰ ከአየር መተላለፊያው ይጀምሩ፤ ቀጥሎ ትንፋሹን፣ የደም ዝውውሩን፣ ንቃተ ኅሊናውን ይዩ፤ በመጨረሻም ልብሱን ገልጠው መላ አካሉን ይመርምሩ። ችግር ያገኙበትን ደረጃ ማከም ሳይጀምሩ ወደ ቀጣዩ አይለፉ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚዘነጋው የትንፋሽ ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ በግምት ይሞላል፤ ይህ ሊታረም የሚገባው ልማድ ነው። የእጁን አንጓ ይዘው የልብ ምት የሚቆጥሩ መስለው የደረቱን መነሳትና መውረድ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣልና። እረፍት ላይ ላለ አዋቂ ከ12 እስከ 20 የተለመደ ነው። ቁጥሩ 30 ደርሶ ሳለ «የደም ግፊቱ ደኅና ነው» ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው፤ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ሰውነት መቋቋም ሲያቅተው ነው።

ራሱን ለሳተ ወይም አንድ ጎኑ ለደከመ ታካሚ የደም ስኳሩን ወዲያው ይለኩ፤ የስኳር ማነስ ስትሮክን ሊመስል ይችላል። ስትሮክ ከጠረጠሩ ቤተሰቡን «መቼ ጀመረው?» ከማለት ይልቅ «ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለመደው አሠራር የሚሰጠው ከዚያ ሰዓት አንስቶ 4 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ነውና። የደረት ሕመም ላለበት አዋቂ ደግሞ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነሥቶ ይነበብ።

ከእያንዳንዱ ሕክምና በኋላ ተመልሰው ከመጀመሪያው ደረጃ ይመርምሩ። ወደ ቤቱ ሊሄድ የተፈቀደለትን ታካሚም፣ ሲመጣ በራሱ የሚራመድ ከነበረ፣ ከመሸኘትዎ በፊት ጥቂት እርምጃ ያስኬዱት፤ ከተንገዳገደ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ውሳኔዎን እንደገና ይመርምሩ።